የቀዩ ፋኖስ ሌሊት፦ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ባሕር የዋጣቸው መርከቦችና ሰዎቻቸው

በየብስ የወደቀ ወታደር መቃብር እንኳ ባይኖረው፣ የወደቀበት መስክ ስም ይኖረዋል። ባሕር ግን ሜዳም ኮረብታም የለውም፤ የዋጠውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ውሃ ከድኖ ያልፋል። ከዚህም የተነሳ የባሕር ጦርነት ታሪክ በአብዛኛው የመርከቦች ታሪክ ሆኖ ይገኛል። የመርከቡ ስም፣ የመድፎቹ ብዛትና የአዛዡ ማዕረግ በመዝገብ ይሰፍራሉ፤ ከወለሉ በታች ከሰል ሲዝቅ፣ እሳት ሲያነድና ወጥ ሲሠራ የኖረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይሰምጣል። ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ ቢገኝ እንኳ በታሪክ መጽሐፍ ላይ ለመገኘት ብዙ ዘመን ይፈጅበታል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. ከአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ማዶ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ አንድ አሮጌ ፋኖስ ወጣ። መስተዋቱ ቀይ ነበር። ፋኖሱ «ሞኒተር» ከተባለው የጦር መርከብ ስብርባሪ መካከል ወደ የብስ የተመለሰ የመጀመሪያው ዕቃ ሲሆን፣ መርከቡ በሰመጠበት ሌሊት በመድፍ ማማው አናት ላይ ተሰቅሎ የድረሱልን ምልክት ይሰጥ የነበረው እሱ እንደሆነ ይታመናል። ከሩቅ ሆነው ያዩት መርከበኞች እንደተናገሩት፣ ቀዩ ብርሃን ከማዕበሉ በላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ጠፋ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1862፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1855 ዓ.ም.፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። በማግስቱ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የነጻነት ዐዋጁን ፈረመ።

በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል የነበረው ጥቂት ሰዓት ብዙ የሚናገረው አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥጥና ከበባ

የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የፈነዳው በአፕሪል 1861 ነው። በባርነት ላይ የተመሠረተ የእርሻ ኤኮኖሚ የነበራቸው የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ ተገንጥለው ኮንፌዴሬሽን የተባለ የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። የኤኮኖሚያቸው ምሰሶ ጥጥ ነበር። ጥጡን የሚተክለው፣ የሚኮተኩተውና የሚለቅመው እንደ ዕቃ የሚሸጥና የሚለወጥ ጥቁር ሕዝብ ሲሆን፣ ምርቱ በመርከብ ተጭኖ በተለይ ወደ እንግሊዝ አገር ፈታይና ሸማኔ ፋብሪካዎች ይጋዝ ነበር። መሣሪያና ባሩድም የሚመጣው በዚሁ የባሕር መንገድ ነበር።

ይህን የተረዳው ሊንከን በአፕሪል 19 ቀን 1861 የደቡብ ወደቦች በሙሉ በባሕር እንዲከበቡ ዐወጀ። ሊጠበቅ የሚገባው ጠረፍ ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው፣ የሰሜኑ መንግሥት የባሕር ኃይል ግን በዚያን ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚበቃ መርከብም ሰውም አልነበረውም። ስለዚህ የንግድ መርከቦች መድፍ ተጠመደባቸው፤ የወንዝ ጀልባዎች ታጠቁ፤ አዳዲስ መርከቦችም በጥድፊያ ተሠሩ። በ1861 መጨረሻ ላይ ደግሞ አሮጌ የዓሣ ነባሪ ማጥመጃ መርከቦች ተገዝተው፣ ሆዳቸው በድንጋይ ተሞልቶ፣ መተላለፊያውን ይዘጉ ዘንድ በቻርልስተን ወደብ አፍ ላይ ሆነ ተብሎ እንዲሰምጡ ተደረገ። በዚህ ጦርነት ሰው ሳያልቅባቸው ወደ ባሕር ወለል ከወረዱት መርከቦች መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

የከበባው ውጤት አትላንቲክን ተሻግሮ አፍሪካም ደርሷል። የአሜሪካ ጥጥ ሲቋረጥ የግብጽ ጥጥ ዋጋው ናረ፤ በ1863 ሥልጣን የያዘው እስማኤል ባገኘው ገቢና በተከተለው ብድር ታላቅ ግዛት የማቋቋም ምኞቱን አሰፋ። የአሜሪካ ጦርነት ካበቃ በኋላም ሥራ የፈቱ የሁለቱም ወገን መኮንኖች በካይሮ ተቀጠሩ። በማርች 1876 በጉራ ጦርነት ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል የተመታው የግብጽ ጦር የኤታ ማዦር ሹም የነበረው ዊልያም ሎሪንግ፣ ቀደም ሲል የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል ነበር። በቻርልስተንና በሳቫና ወደቦች ፊት የተዘረጋው የመርከብ ሰንሰለት ጫፉ እስከ መረብ ወዲህ ማዶ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

የእንጨቱ ዘመን ማክተሚያ

በማርች 8 ቀን 1862 በቨርጂኒያ ግዛት ሃምፕተን ሮድስ በተባለው ሰፊ መልሕቅ መጣያ፣ በደቡቦች ተሠርቶ «ቨርጂኒያ» የተሰኘ ብረት ለበስ የጦር መርከብ ከወደብ ወጣ። ከሰሜን መርከቦች የሚተኮሰው ጥይት ከተንጋደደው የብረት ጎኑ ላይ እየነጠረ ይወድቅ ነበር። «ቨርጂኒያ» «ከምበርላንድ» የተባለውን የእንጨት መርከብ በአፍንጫው ወግቶ አሰጠመው፤ «ኮንግረስ» የተባለውንም አቃጠለው። የ«ከምበርላንድ» ተኳሾች ውሃው እየዋጣቸው መተኮሳቸውን አላቆሙም ነበር። በዚያ አንድ ቀን ከሁለቱ መርከቦች ብቻ ከ240 በላይ ሰዎች አለቁ።

በዚያው ምሽት፣ በሚነደው የ«ኮንግረስ» ብርሃን እየተመራ፣ እንግዳ ቅርጽ ያለው መርከብ ከኒው ዮርክ ደረሰ። «ሞኒተር» ነበር። የነደፈው በስዊድን አገር የተወለደው መሐንዲስ ጆን ኤሪክሰን ሲሆን፣ ውሉ በኦክቶበር 1861 ተፈርሞ በጃኑዋሪ 30 ቀን 1862 ከብሩክሊን የመርከብ መሥሪያ ወደ ውሃ ወርዷል። ወለሉ ከውሃው በላይ ከግማሽ ሜትር ያነሰ ከፍታ ብቻ ነበረው። በመካከሉ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ የብረት ማማ የቆመበት ሲሆን፣ ሁለት ከባድ መድፎችን የያዘው ይህ ማማ በእንፋሎት ኃይል ወደፈለገው አቅጣጫ ይሽከረከር ነበር። ስለዚህ መድፉን ለማነጣጠር መርከቡን ማዞር አላስፈለገም።

በማግስቱ ሁለቱ ብረት ለበሶች አራት ሰዓት ያህል ተፋለሙ። የ«ሞኒተር» አዛዥ ጆን ዎርደን ዓይኑ ላይ ቆሰለ፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን ሊያሰጥም አልቻለም። ዜናው በዓለም ሲናኝ የባሕር ኃይል ያላቸው መንግሥታት ሁሉ የእንጨት መርከብ ዘመን ማክተሙን ተረዱ። ሁለቱም መርከቦች ግን ዓመቱን አልዘለቁትም። «ቨርጂኒያ» በጠላት እጅ እንዳይወድቅ በሜይ ወር በራሱ ሰዎች ተቃጠለ። «ሞኒተር»ን የሚጠብቀው ደግሞ ባሕሩ ነበር።

ከወለሉ በታች

የ«ሞኒተር» ኑሮ ለመሆኑ ምን ይመስል ነበር? ሰዎቹ የሚኖሩት፣ የሚተኙትና የሚሠሩት ከውሃው ወለል በታች ነው። አየር የሚገባው በእንፋሎት በሚዞሩ ማራገቢያዎች ሲሆን፣ ማራገቢያው ሲቆም የምድጃው ጭስ ወደ ሰዎቹ ይመለሳል። በማርች ወር ከኒው ዮርክ ሲመጣ ማዕበል ገጥሞት ይኸው ነገር ደርሷል፤ ውሃ በማራገቢያው ቀዳዳ ገብቶ እሳቱ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ መሐንዲሶቹ በጭስ ታፍነው ራሳቸውን ስተው ነበር። የመኮንኖቹ ክፍሎች በኤሪክሰን የግል ወጪ በጥሩ እንጨት የተዋቡ ነበሩ። ተራው መርከበኛ የሚተኛው ግን በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ነው።

ከእነዚህ መርከበኞች መካከል ጥቁሮች ነበሩበት። የሰሜኑ ምድር ጦር ጥቁሮችን በወታደርነት ለመቀበል ገና ሲያመነታ፣ የባሕር ኃይሉ ሰው ስላነሰው ቀደም ብሎ በሩን ከፍቶ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በሙሉ በሰሜኑ የባሕር ኃይል ያገለገሉት ጥቁሮች ቁጥር ወደ 18,000 ይጠጋል። የተከፈተው በር ግን ዝቅተኛ በር ነበር። በሴፕቴምበር 1861 የወጣው የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ትእዛዝ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች እንዲቀጠሩ ሲፈቅድ፣ ማዕረጋቸው ግን «ቦይ» ከሚባለው የብላቴና ደረጃ እንዳያልፍ፣ ደመወዛቸውም በወር 10 ዶላርና የቀን ቀለብ እንዲሆን ወስኗል። ሰውየው ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ ቢሆን እንኳ በመዝገብ ላይ ብላቴና ነው።

ሳያ ካርተር ከእነዚህ አንዱ ነበር። በሜይ 1862 «ሞኒተር» በጄምስ ወንዝ ላይ መልሕቁን ጥሎ ሳለ፣ ካርተር ሸርሊ ከተባለው የእርሻ ይዞታ አምልጦ በሌሊት በጀልባ ወደ መርከቡ ቀዘፈ። ዘበኛው የጠላት ወረራ መስሎት ተኮሰበት፤ ካርተር ግን መቅዘፉን አልተወም። የመርከቡ ገንዘብ ያዥ ዊልያም ኪለር ለባለቤቱ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው፣ የእርሻው ጌታ ሰሜኖች የያዙትን ባሪያ አንገቱ ላይ ብረት አስረው ባሕር ውስጥ እንደሚጥሉት ነግሮ አስፈራርቷቸው ነበር። ካርተር ይህን እየሰማ ነው ወደ ብረቱ መርከብ የመጣው። በማዕረግ «ቦይ» ሆኖ ተመዘገበ፤ ወጥ ቤቱንም ያገለግል ጀመር።

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት

በዲሴምበር 29 ቀን «ሞኒተር» ከሃምፕተን ሮድስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይናው ቦፎርት ወደብ ጉዞ ጀመረ። በራሱ ሞተር ብቻ ባሕሩን ሊያቋርጥ ስለማይችል «ሮድ አይላንድ» የተባለ በጎንና ጎኑ መቅዘፊያ ጎማ ያለው የእንፋሎት መርከብ በሁለት ወፍራም ገመዶች ይጎትተው ነበር። አዛዡ ጆን ባንክሄድ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፤ ባሕሩም ረግቷል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደሚባለው መነሻው መልካም ነበር።

ችግሩ ከመነሳታቸው በፊት የተዘጋጀ ነው። እንደ ኤሪክሰን ንድፍ ማማው በገዛ ክብደቱ በወለሉ ላይ ካለው የነሐስ ቀለበት ጋር ተጣብቆ ውሃ መከላከል ነበረበት። ይሁን እንጂ ለጉዞው ሲዘጋጁ ማማውን ከፍ አድርገው በሥሩ የገመድ ቃጫ ጠቀጠቁበት። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ኬፕ ሃተራስ በተባለው ወደ ባሕር በገባ የብስ አቅራቢያ ማዕበል ሲነሳ፣ የሚያጥበው ውሃ ቃጫውን ጠራርጎ ወሰደው። መርከቡ በማዕበል ላይ ተነስቶ በወደቀ ቁጥር ጠፍጣፋው ታች ውሃውን ሲመታ እንደ ነጋሪት ያስተጋባ ጀመር።

ፓምፖቹ ተከፈቱ። ፓምፕ ግን በእንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት እሳት ይሻል፤ እሳቱ ደግሞ ደረቅ ከሰል ይፈልጋል። ውሃው የከሰሉን ክምር አራሰው፤ ቀጥሎ ወደ ምድጃዎቹ ተጠጋ። እሳት አንዳጆቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ርጥብ ከሰል መዛቃቸውን ቢቀጥሉም የእንፋሎቱ ግፊት እያነሰ ሄደ። ግፊቱ ሲያንስ ፓምፑ ይደክማል፤ ፓምፑ ሲደክም ውሃው ይበልጥ ይገባል። የመርከቡ ሕይወት ባልታወቁ ሰዎች አካፋ ላይ ቆሞ እንደነበረ ያኔ በግልጽ ታየ። በባልዲ መጨለፍም ተሞከረ፤ ውጤቱ ግን ከንቱ ሆነ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት አካባቢ ባንክሄድ ቀዩን ፋኖስ አስሰቀለ። አንደኛው ገመድ ቀድሞ ተበጥሷል። ሁለተኛው መቆረጥ ስለነበረበት ሰዎች ማዕበል ወደሚያጥበው ወለል ወጡ፤ ጆን ስቶኪንግና ጄምስ ፌንዊክ በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ በውሃ ተወሰዱ። ሉዊስ ስቶደር የተባለው መኮንን ግን ደርሶ ገመዱን ቆረጠው። ከ«ሮድ አይላንድ» የተላኩ ጀልባዎች በጨለማ ደርሰው ሰዎችን መውሰድ ጀመሩ። ከማማው ወደ ጀልባው ለመድረስ ያንን ወለል በሩጫ ማቋረጥ ግድ ነበር፤ አንዳንዶች ሲያቋርጡ ተጠረጉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ከማማው ላይ ሙጭጭ ብለው ለመውረድ አልደፈሩም። አንድ ወጣት መሐንዲስ በባሕር ሕመም ተዝለፍልፎ ከአልጋው ሊነሳ አልቻለም። ጀልባዋ ለሌላ ዙር ስትመለስ ቀዩ ብርሃን አልነበረም።

አሥራ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ አራት መኮንኖችና አሥራ ሁለት ተራ መርከበኞች። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ የመኮንኖች ወጥ ሠሪው ሮበርት ሃዋርድ፣ የመኮንኖች አስተናጋጁ ዳንኤል ሙርና «ቦይ» ተብሎ የተመዘገበው ሮበርት ኩክ። ሳያ ካርተር ተረፈ፤ በሌሎች መርከቦችም ላይ ማገልገሉን ቀጠለ። ጌታው ያስፈራራበት ባሕር በእርግጥ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ነጩንም ጥቁሩንም፣ መኮንኑንም ወጥ ሠሪውንም አልለየም።

በዚያው ቀን ማታ

በዚያው በዲሴምበር 31 ቀን ማታ፣ ከአትላንቲክ ማዶ በእንግሊዝ አገር ማንችስተር ከተማ፣ ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለው አዳራሽ የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰበሰቡ። የአሜሪካ ጥጥ በመቋረጡ በላንክሻየር አውራጃ ፋብሪካዎች ተዘግተው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለረኀብ ተጋልጠው ነበር። ከበባው ቢነሳ እንጀራቸው ይመለሳል፤ ይህንንም ያውቁ ነበር። እነሱ ግን ባርነትን የሚያወግዝና ሊንከንን የሚደግፍ ደብዳቤ አጸደቁ። ሊንከን በጃኑዋሪ 19 ቀን 1863 በሰጠው መልስ የሠራተኞቹን ሥቃይ እንደሚያውቅ ገልጾ አቋማቸውን በከፍተኛ ጀግንነት አወደሰ። በሚቀጥለው ወር «ጆርጅ ግሪስዎልድ» የተባለ መርከብ ከአሜሪካ ዱቄትና ሌላ እህል ጭኖ ሊቨርፑል ወደብ ገባ።

በአሜሪካም በዚያች ሌሊት ጥቁሮች በየጸሎት ቤቱ ተሰብስበው ንጋትን ይጠብቁ ነበር። በጃኑዋሪ 1 ቀን 1863 የወጣው ዐዋጅ በአመፁ ግዛቶች በባርነት የተያዙትን ሁሉ ነጻ ሲያደርግ፣ ለሰሜኑ ታማኝ ሆነው በቀሩት ባሪያ አሳዳሪ ግዛቶች ያሉትን ግን አልነካም። ከዐዋጁ አንቀጾች አንዱ ነጻ የወጡት ሰዎች ምሽጎችን እንዲጠብቁና በልዩ ልዩ መርከቦች ላይ እንዲሰማሩ በጦር አገልግሎት እንደሚቀበላቸው ይገልጻል። ሃዋርድ፣ ሙርና ኩክ ይህ ከመፈረሙ አንድ ቀን አስቀድሞ በመርከብ ላይ አገልግለው፣ ከመርከቡም ጋር ሞተው ነበር። ሕጉ የደረሰው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው።

ሌሎቹ መርከቦች

የ«ሞኒተር» ዕጣ ብቻውን የቆመ አይደለም። የእሱን አምሳያ ተከትለው የተሠሩት ብረት ለበሶችም የውሃ ሲሳይ ሆነዋል። «ዊሆከን» በዲሴምበር 6 ቀን 1863 በቻርልስተን ፊት መልሕቁን ጥሎ እንደቆመ ውሃ ሞልቶት ሲሰምጥ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። «ቴከምሴ» በኦገስት 5 ቀን 1864 በሞቢል የባሕር ወሽመጥ በውሃ ውስጥ የተጠመደ ፈንጂ ነክቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከ90 በላይ ሰዎችን ይዞ ወረደ።

«ኪኦኩክ» የተባለው መርከብ በአፕሪል 7 ቀን 1863 በቻርልስተን ምሽጎች ወደ 90 ጊዜ ተመትቶ በማግስቱ ሰመጠ። ያን ቀን መንገድ መሪው ሮበርት ስሞልስ ነበር። ስሞልስ በባርነት የተወለደ መርከበኛ ሲሆን፣ በሜይ 13 ቀን 1862 ነጮቹ መኮንኖች ከተማ ባደሩበት ሌሊት «ፕላንተር» የተባለውን የደቡቦች መርከብ አስነስቶ፣ ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ጭኖ፣ በምሽጎቹ ፊት የሚገባውን ምልክት እየሰጠ አልፎ ለሰሜኖች ያስረከበ ሰው ነው። ውሃውን ከመኮንኖቹ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ስለነበረ ሳይወዱ መሪውን ለእሱ ሰጡት። በኋላም ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመረጠ።

በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1864 ሌሊት እዚያው ቻርልስተን አጠገብ «ሁሳቶኒክ» የተባለው የከበባ መርከብ ላይ በቅኝት የቆመው ሮበርት ፍሌሚንግ የተባለ ጥቁር መርከበኛ ነበር። በውሃው ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አይቶ ለመኮንኑ ሲናገር፣ ግንድ ነው ተባለ። ፍሌሚንግ ግን ግንድ ከውሃው ፍሰት ጋር ይሄዳል፤ ይህ ግን አይሄድም ሲል መለሰ። ያየው ነገር «ሃንሊ» የተባለው፣ ሰባት ሰዎች በእጅ የሚያሽከረክሩት ሰርጓጅ መርከብ ነበር። «ሁሳቶኒክ» ተመትቶ አምስት ሰዎች ሞቱ፤ «ሃንሊ»ም ከስምንት ሰዎቹ ጋር ሳይመለስ ቀረ። ቀደም ሲል በሙከራ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሰምጦ አሥራ ሦስት ሰዎችን ገድሎ ስለነበር፣ ከጠላቶቹ ይልቅ የጨረሰው የራሱን ሰዎች ነው። ፍሌሚንግ በምርመራው ጉባኤ ላይ ያየውን መሰከረ፤ ቃሉም እስከ ዛሬ የዚያን ሌሊት ታሪክ ለሚያጠኑ ዋና ማስረጃ ነው። ይኸው ሰው ከጦርነቱ በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ሆኖ በ1886 አዲስ ዓይነት ጊታር በስሙ አስመዝግቧል።

ከሁሉ ይበልጥ ዝናው የገነነው ግን «አላባማ» ነው። በእንግሊዝ አገር በርከንሄድ ተሠርቶ፣ አብዛኞቹ መርከበኞቹም የእንግሊዝ ዜጎች ሆነው፣ ለደቡቦች 65 ያህል መርከቦችን እየማረከ አብዛኞቹን አቃጠለ። በአዛዡ ራፋኤል ሴምስ እየተመራ በውቅያኖሶች ሲዞር አንድም የደቡብ ወደብ ሳይረግጥ፣ በጁን 19 ቀን 1864 በፈረንሳይ ሸርቡር ወደብ ፊት ከሰሜኑ «ኪርሳርጅ» ጋር ተዋግቶ ሰመጠ። ሠዓሊው ኤድዋርድ ማኔ ይህን ውጊያ በቀለም አስቀርቶታል።

በሥዕሉ ላይ የማይታይ አንድ ወጣት ነበር። ዴቪድ ዋይት ይባላል። በዴላዌር ግዛት በባርነት የተያዘው ይህ ልጅ በኦክቶበር 1862 «ቶናዋንዳ» በተባለው የንግድ መርከብ ላይ ከጌታው ጋር ሲጓዝ በ«አላባማ» ተማረከ፤ ሴምስም እንደ ጦር ምርኮ ወስዶ የመርከቡ ሐኪም አገልጋይ አደረገው። ሴምስ በኋላ በጻፈው ትዝታ ልጁን ደስተኛ አድርጎ አቅርቦታል። የልጁ የራሱ ቃል ግን አልተጻፈም። «አላባማ» ሲሰምጥ ዋና ስለማያውቅ ሞተ። ሴምስ በአንድ እንግሊዛዊ የግል መርከብ ተነስቶ ወደ እንግሊዝ አመለጠ። በ1872 በጄኔቭ የተሰየመው የሽምግልና ፍርድ ቤት «አላባማ»ና መሰሎቹ ላደረሱት ጥፋት እንግሊዝ 15.5 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ እንድትከፍል ፈረደ። የተሰላው የመርከብና የጭነት ዋጋ ነበር። ዴቪድ ዋይት በየትኛውም ሂሳብ አልገባም።

ከባሕር የተመለሰ ስም

የ«ሞኒተር» ስብርባሪ በኦገስት 1973 ከኬፕ ሃተራስ ማዶ፣ 70 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ተገለባብጦ ተገኘ። በ1975 አካባቢው የአሜሪካ የመጀመሪያ ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ከ1977ቱ ፋኖስ በኋላ መቅዘፊያው፣ ሞተሩና በኦገስት 2002 ደግሞ ግዙፉ ማማ ተራ በተራ ወጥተው በቨርጂኒያ ኒውፖርት ኒውስ በሚገኘው የመርከበኞች ቤተ መዘክር ጥበቃ ይደረግላቸው ጀመር።

ማማው ሲከፈት የሁለት ሰዎች አጽም ተገኘበት። አንዱ በሃያዎቹ ገደማ የሚገኝ ወጣት፣ ሌላው ጎልማሳ ሲሆን፣ የጎልማሳው ጥርስ ለረዥም ዘመን ፒፓ ከመንከስ የተነሳ ተቦርቡሮ ነበር። ሳይንቲስቶች ዘራቸውንና ፊታቸውን ሊያውቁ ብዙ ደከሙ፤ ስማቸውን ግን በእርግጠኝነት መለየት አልተቻለም። በማርች 8 ቀን 2013፣ «ከምበርላንድ» በሰመጠ በ151ኛው ዓመት፣ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር በሙሉ ወታደራዊ ሥርዓት ተቀበሩ። ሁለቱ ማን እንደሆኑ ባለመታወቁ መታሰቢያው የአሥራ ስድስቱም ሆነ። የመኮንኖቹ ስም ከወጥ ሠሪው፣ ከአስተናጋጁና ከ«ቦዩ» ስም ጋር አብሮ ተቆጠረ። ማዕረግና ቀለም ሲለያዩ የኖሩትን ሰዎች አንድ ላይ ያሰፈራቸው የሁለት አጽሞች ስም መጥፋቱ ነው።

የጦር መርከብን ታሪክ በብረቱ ውፍረትና በመድፉ ስፋት መለካት ቀላል ነው፤ ብረቱ በቤተ መዘክር ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ይታያልና። ታሪክን የሚያስተምር መምህርም ሆነ በብዕርና በቀለም የሚገልጽ የኪነ ጥበብ ሰው ግን ከማማው ሥር መውረድ ይጠበቅበታል። እዚያ ርጥብ ከሰል የሚዝቀው እሳት አንዳጅ አለ፤ ጌታው ያስፈራራበትን ባሕር በሌሊት የቀዘፈው ሳያ ካርተር አለ፤ ነጻነቱ ሊታወጅ አንድ ቀን ሲቀረው የሰጠመው ወጥ ሠሪ አለ። ቀዩን ፋኖስ ከፍ አድርጎ የያዘው ማማው ቢሆንም፣ መርከቡን እስከ መጨረሻው ሰዓት በውሃው ላይ ያቆዩት እነዚህ ነበሩ። ፋኖሱ ከ115 ዓመታት በኋላ ከባሕር ወጥቷል። የእነሱ ስም ግን የሚወጣው በውሃ ጠላቂ ሳይሆን፣ መዝገቡን አገላብጦ ድምፅ አውጥቶ በሚያነበው ሰው ነው።